ጤፍን ከገበሬዎች ማኅበር በጋራ እንዴት መግዛት ይቻላል?

ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ገበሬው ያን ሰሞን ገንዘብ ይቸግረዋል። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ጥር ሲገባ ደግሞ ሠርግ አለ። ስለዚህ ባገኘው ዋጋ ይሸጣል። ያው ጤፍ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። የመሃሉን ትርፍ ያመረተውም የሚበላውም አላየውም። በእኛ ኮንዶሚኒየም ይህን መንገድ ማሳጠር ከጀመርን ሦስት ዓመታችን ነው። ተሳስተን የተማርነው ይበዛል።

ሰው ማሰባሰብ

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትሩጡ። ዕድር ካላችሁ ይበቃል። የአባላት ዝርዝር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ እምቢ ያለውን እንዴት እንደሚያስከፍል አሳምሮ ያውቃል። ለመጀመር 20 ቤተሰብ ጥሩ ነው። ስብሰባ አታብዙ፤ አንድ ወረቀት በየቤቱ አዙሩ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስንት ኪሎ፣ ነጭ ነው ሰርገኛ ወይስ ቀይ። አለቀ።

በቲማቲም እንዳትጀምሩ። መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ የምትረከቡት ድልህ ነው። ጤፍ ግን ታጋሽ ነው። ነቀዝ አይደፍረውም፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመት አልፎትም ይበላል። ቶሎ የሚበላሸው ዱቄቱ ነውና የወር የወሩን ብቻ አስፈጩ።

ገንዘቡ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። የኩንታል ዋጋ ባንድ ጊዜ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። እኛ በመጀመሪያው ዓመት "ከ50 ኪሎ በታች አናስተናግድም" አልን። የግቢያችን ጥበቃ ጤፉን ከመኪና ሲያወርዱ ሲያግዙን ዋሉ። ማታ ከሱቅ በኪሎ ገዝተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አየናቸው። ያን ቀን ያፈርነው እፍረት!

በሚቀጥለው ዓመት መነሻውን 10 ኪሎ አደረግነው። ክፍያውም በዕቁብ መልክ ሆነ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። ጥበቃውም 25 ኪሎ ወሰዱ። ገንዘቡ ሦስት ሰው በሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። በማንም የግል ቴሌብር እንዳይገባ፣ ወንድማችሁም ቢሆን።

ማኅበሩን ማግኘት

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበራት አሉ። እነሱ ተሰባስበው ዩኒየን ይሆናሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ከሆኑት የጤፍ አካባቢዎች አንዱ በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው አድአ ነው፤ ምንጃርም ሩቅ አይደለም። ወደ አካባቢው ወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዳችሁ የትኞቹ ማኅበራት ጤፍ እንደሚሸጡ ጠይቁ። ስልክ ደውሎ "የገበሬዎች ተወካይ ነኝ" የሚል ሰው ከመጣ የማኅበሩን የምዝገባ ወረቀትና ደረሰኝ አምጣ በሉት። ደላላ ከሆነ ወሬው እዚያ ያበቃል።

ዋጋ ስትነጋገሩ እስከ አጥንት አትጋጡ። የዚያን ሳምንት የአካባቢውን የገበያ ዋጋ እወቁ፣ ከሱ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ትራንስፖርቱንና የጫኝ አውራጁን ደምሩ። ድምሩ ከሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት ዋጋ ካነሰ ሁለታችሁም አትርፋችኋል። ካላነሰ ለዚያ ዓመት ተዉት።

ናሙና

ሁለተኛው ዓመት ላይ ናሙና መጣልን። እጃችን ላይ ዘርግፈን አየነው፤ የሚያምር ማኛ። ጆንያው ቤት ገብቶ ግማሽ ሲደርስ ከሥር ሰርገኛ ወጣ። የት እንደተቀየጠ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ እኛም ስንረከብ ከላይ ብቻ ነበር ያየነው።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ከመጫኑ በፊት ሁለት ሰው ይሄዳል። ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር ያያሉ። ቆንጠር አድርጋችሁ በጥርስ ሞክሩት፤ አሸዋ ካለ ጥርስ ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አምስት ኪሎ አስቀድሞ ገዝቶ መጋገር ነው። አስፈጩት፣ አቡኩት፣ በሦስተኛው ቀን ምጣድ ላይ አውጡት። ዓይኑ ካላማረ ደግማችሁ አስቡበት (የእርሾው ጥፋት ካልሆነ)።

የማውረጃው ቀን

አይሱዙው ካልሞላ የትራንስፖርቱ ድርሻ ይከብዳል፤ የጎረቤት ብሎክ ጨምሩ። የሰፈሩን ጫኝና አውራጆች ቀድማችሁ አነጋግሩ። ጤፉ በር ላይ ቆሞ ክርክር ከተጀመረ ዋጋው እነሱ ያሉት ነው። ሚዛን ተከራዩና ሁሉም ባለበት ይመዘን።

አትክልት መጨመር

አንድ ዙር በሰላም ካለፈ ከመቂና ከባቱ አካባቢ ሽንኩርት ማምጣት ይቻላል። የፋሲካ ሰሞን ሽንኩርት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም። እዚህ ላይ ግን ጥያቄው ይለያል፦ መድኃኒት ለመጨረሻ ጊዜ የተረጨው መቼ ነው? ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበት የቀን ብዛት መድኃኒቱ ዕቃ ላይ ተጽፏል፤ አሳዩን በሉ።

ጎመንና ሰላጣ ከሆነ በየትኛው ውኃ እንደለማ ጠይቁ። በአቃቂ ወንዝ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በጥናት ተገኝተዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት በማጠብ አይወጣም። ርካሽ ቢሆንም ይቅርባችሁ።

ጤፉ ሲያልቅ ደግሞ ጆንያውን አራግፋችሁ አጥፋችሁ አስቀምጡት። የእኛዎቹ ገበሬዎች መልሰው ይቀበሉናል፣ ከዋጋውም ላይ ይቀንሱልናል።