ጥያቄውን ተማሪው ያውጣ፦ በቴሌግራም ክዊዝ ተማሪ በራሱ እንዲያጠና ማድረግ

ግሩፕ ከፍቶ ፒዲኤፍ መጫን ማስተማር አይደለም። አውቃለሁ፣ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ስጭን ከርሜያለሁ። ያወርዱታል፣ ከዚያ የሚከፍተው የለም። ነገሩ የተቀየረው ጥያቄ ማውጣቱን ለተማሪዎቹ ስለቅላቸው ነው።

መጀመሪያ አንድ ክዊዝ ራስዎ ሠርተው ያሳዩዋቸው። ቴሌግራም ላይ የክዊዝ ቦትን (ጥያቄ እያቀረበ መልሱን ራሱ የሚያርም ፕሮግራም ነው) ስም በእንግሊዝኛ ፊደል QuizBot ብለው ይፈልጉ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ስለሆኑ የቴሌግራም የራሱ የሆነውን ይምረጡ። አዲስ ክዊዝ ይክፈቱ፣ ርዕስ ይስጡት፣ ጥያቄዎቹን ከነምርጫቸው ያስገቡ፣ መልሱ ላይ ምልክት ያድርጉ። ለአንድ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ቦቱ ይጠይቅዎታል። ለፊዚክስና ለሒሳብ 10 ሴኮንድ እንዳይሰጡ፤ መገመት ነው የሚለምዱት። 1 ወይም 2 ደቂቃ ይሁን። የማብራሪያ ቦታውንም ባዶ አይተዉት። 200 ፊደል ያህል ብቻ ነው የሚይዘው፣ ግን ለተሳሳተ ተማሪ ወዲያው የሚታየው እሱ ነው።

ከዚያ ሥራውን ያስረክቡ። አራት አራት እያደረጉ ይመድቧቸው፣ ርዕሱን እነሱ ይምረጡ፣ 5 ጥያቄ ያውጡ። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ «ይህን ማን ይመርጣል? ለምን?» የሚለውን መመለስ አለባቸው።

ዋናው ነገር ይህ ነው። አንድ ቡድን «ማሱ ምድር ላይ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ጨረቃ ላይ ማሱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምርጫዎቹ 60፣ 61፣ 75 እና 1000 ነበሩ። 1000ን ማን ይመርጣል? እንደገና እንዲሠሩት መለስኩላቸው። በሁለተኛው ዙር 60፣ 10፣ 0 እና 360 ይዘው መጡ። መልሱ 60 ነው፤ ማስ የቁስ መጠን ስለሆነ ጨረቃ ላይም አይቀየርም። 10ን የሚመርጠው ማስና ክብደት የተምታታበት ነው፤ የጨረቃ ስበት ከምድር አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ ለ6 ያካፍላል። 0ን የሚመርጠው ጨረቃ ላይ ስበት የለም ብሎ ያሰበ ነው። 360 ደግሞ ማካፈሉንም ገልብጦ ያባዛው። እዚህ ለመድረስ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ገልጠዋል። አጥኑ ያላቸው የለም።

ክዊዙን ማታ 2 ሰዓት ላይ ግሩፑ ውስጥ ያስጀምሩት፤ ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ስለሚከለክል ቤት መሆኑ ይሻላል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ እንደ ቪዲዮ ዳታ አይበላም። ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋር ይሥራ፣ ካልሆነም ጥያቄዎቹን በወረቀት አትመው ይስጡት። ኮምፒውተር ኖሮ ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ትምህርቱ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

መጨረሻ ላይ ቦቱ ደረጃ ያወጣል። አንደኛ የወጣው ደስ ይለዋል፣ የመጨረሻው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ደረጃውን አላነሳውም። ይልቅ እያንዳንዱ ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ የትኛውን ሳትኩ፣ ለምን ሳትኩ፣ በዚህ ሳምንት ምን አነባለሁ። ማርክ የለውም። ማርክ ካስያዙት ኩረጃው በማግስቱ ይጀመራል።

አንዳንዴ ተማሪዎቹ ትክክል ብለው ምልክት ያደረጉበት መልስ ራሱ ስህተት ይሆናል። አይቼ ዝም እላለሁ። ማታ ግሩፑ ይታመሳል፤ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ እያነሱ ይከራከራሉ። እስከ 3 ሰዓት ካልተስማሙ ያኔ እገባለሁ።