ጥቃት በሰማን ቁጥር የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣ አገር በሙሉ ደነገጠ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሐዘኑ የሁላችንም ነበር። ግን የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ከአይ ኤስ ዞረው "ሙስሊሞች እኮ..." ማለት የጀመሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ጥቃት በተሰማ ቁጥር ያው ነገር ይመለሳል። ኮሜንት ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

የገዳዩን ቃል አምኖ መቀበል

ገዳዩ "በእስልምና ስም ነው" ይላል። እኛም "ራሱ ብሏል እኮ!" እንላለን። ሌላ ጊዜ የነፍሰ ገዳይ ቃል የማናምን ሰዎች፣ እዚህ ላይ ስንደርስ የሃይማኖት መምህር እናደርገዋለን። እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 ከ120 በላይ ሙስሊም ሊቃውንት ለአይ ኤሱ መሪ ለአቡ በክር አል ባግዳዲ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈዋል። የምትሠራው ከእስልምና ሕግ ጋር ይጋጫል ብለው ነጥብ በነጥብ ሞግተውታል። ሞሱል የሚገኘው አል ኑሪ መስጊድም ከ800 ዓመት በላይ የቆየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ያፈነዳው ራሱ አይ ኤስ ነው።

በሌላ በኩል "ይሄ ከሃይማኖት ጋር ምንም አያገናኘውም" ብሎ ነገሩን መዝጋትም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ጽንፈኞቹ ጥቅስ ይጠቅሳሉ፣ በጥቅሱም ወጣት ይመለምላሉ። ለዚያ መልስ መስጠት የሚችሉት ኪታቡን የሚያውቁት ኡለማዎች ናቸው። ሙስሊሙን በጅምላ ስንከስ የምናሸማቅቀው እነዚህኑ ሰዎች ነው።

ሟቾቹ እነማን እንደሆኑ መርሳት

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017 ሞቃዲሾ ውስጥ በጭነት መኪና ላይ የተጠመደ ቦምብ ከ500 በላይ ሰው ጨረሰ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ግብፅ፣ ሲና ውስጥ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ የገቡ ከ300 በላይ ሰዎች ተገደሉ። የሟቾቹን ሃይማኖት መናገር አያስፈልግም።

"ለምን አያወግዙም?"

አብዛኛውን ጊዜ ውግዘት ጠፍቶ አይደለም፤ ጠያቂው ፈልጎ ስላላየው ነው። በሊቢያው ግድያ ጊዜ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አውግዟል። ደግሞስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ አንድ ነጭ ዘረኛ ሁለት መስጊድ ገብቶ 51 ሰው ሲገድል፣ ሰኞ ቢሮ ስትገቡ "አንተስ አወገዝክ ወይ?" ያላችሁ ሰው አለ? አብራችሁ የምትሠራዋ ሒጃብ ለባሽ ግን አል ሸባብ አንድ ነገር ባደረገ ማግስት መልስ ይጠበቅባታል። ለማታውቀው ሰው ወንጀል!

የአንዱን ዕዳ ለሌላው ማስከፈል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ከአንድ ሼህ ቀብር ጋር ተያይዞ በተፈጸመ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ስልጤ ዞን፣ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ቆይ፣ የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን አጠፋ? ጎንደርን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ስንት አለ?

ያን ሰሞን "ሙስሊሞች እንዲህ ናቸው" የሚለውና "ክርስቲያኖች እንዲህ ናቸው" የሚለው ሲሰዳደቡ ከረሙ። ስሌታቸው ግን አንድ ነው። እንደውም አንዱ ለሌላው ያስፈልገዋል። ይሄኛው የዚያኛውን ኮሜንት ስክሪን ሹት አድርጎ "ይኸው፣ አላልኳችሁም?" ብሎ ለወገኑ ያሳያል። ያኛውም እንዲሁ። ጥቃቱን ያደራጀው ሰው በመሃል ይረሳል።

ጥፋተኛ ስም አለው፣ አድራሻ አለው፤ ፍርድ ቤት መቅረብም ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የኢትዮጵያ ሙስሊም ከሕዝቡ ሲሶውን ይዞ 25 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ለ25 ሚሊዮን ሰው የተከፋፈለ ጥፋት ማንም አይጠየቅበትም። በጅምላ መክሰስ ከባድ ፍርድ ይመስላል እንጂ ለወንጀለኛው እፎይታ ነው።

ያገኙትን ሁሉ "አክራሪ" ማለት

በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሞች "መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ" ብለው ጁምዓ በመጣ ቁጥር በሰላም ሲቃወሙ አክራሪ ተባሉ። መሪዎቻቸው ታስረው በ2007 ዓ.ም. በሽብር ወንጀል ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈተዋል። ያኔ የተለጠፈው ታፔላ ግን ዛሬም ጺም ያሳደገ ወጣትና ኒቃብ የለበሰች እህት ላይ ይለጠፋል። የሚጸልይንና የሚያርድን ሰው በአንድ ስም የሚጠራ ሰው፣ አራጁ ሲመጣ በምን ሊለየው ነው?

ነጃሺን ጠርቶ መገላገል

"እኛ እኮ የነቢዩን ተከታዮች ያስጠለልን ሕዝብ ነን" እንላለን። እውነት ነው፤ ያኮራልም። ግን የሰባተኛው ክፍለ ዘመን ደግነት ትናንት ማታ ለጻፍነው ስድብ ካሳ አይሆንም። ከዚያ ይልቅ የወሎን ቅሬ፣ ማለትም እንደ እድር ያለውን ማኅበር፣ ብናይ ይሻላል። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ታቅፎ ቀብር አብሮ ይወጣል። ጉልበትና ጊዜ የሚወስድ መቻቻል ነው።

ቪዲዮውን ማጋራት

አይ ኤስ እ.ኤ.አ. በ2015 በገዛ መጽሔቱ ላይ ፍላጎቱን አልደበቀም። ሙስሊሙ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ የሚኖርበትን "ግራጫ ቀጠና" ማጥፋት እፈልጋለሁ ብሏል። ስሌቱ ቀላል ነው። ጎረቤቱ ከተጠራጠረውና ከጠላው፣ ሙስሊሙ መሄጃ አጥቶ ወደኛ ይመጣል ነው ነገሩ። እንግዲህ "እዩዋቸው!" ብሎ ቪዲዮውን ለመቶ ሰው የሚልክ ሰው ለማን እየሠራ እንደሆነ አስቡት።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 ኬንያ፣ ማንዴራ አካባቢ አል ሸባብ አውቶቡስ አስቁሞ ሙስሊም ያልሆኑትን ለይቶ 28 ሰው ገደለ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 2015፣ እዚያው አካባቢ ሌላ አውቶቡስ አስቆመና አሁንም ተለያዩ አለ። ሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች እምቢ አሉ። ሴቶቹ ለክርስቲያኖቹ ሒጃብ አለበሷቸው። ከእምቢ ባዮቹ አንዱ፣ ሳላህ ፋራህ የሚባል መምህር፣ በጥይት ቆስሎ በወሩ ሞተ። ይሄን ታሪክ ስንታችን ሼር አድርገነዋል?

ቀጣዩ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሲደርሳችሁ አታስተላልፉት፤ ሪፖርት አድርጉት። የላከው ዘመድ ከሆነ ደግሞ ግሩፑ ላይ አትውረዱበት፤ በውስጥ መስመር ንገሩት። ሰው ፊት ከነገራችሁት ክርክሩ እስከ ሌሊት ይቀጥላል፣ ቪዲዮውም እዚያው ይቀመጣል።