«ሲስተም የለም» ማለት መልስ አይደለም

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚኒባሶች የወንበር መያዣ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ትንሽ ሥራ ናት፤ መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓትና «ክፈል» የሚል ቁልፍ። አንዲት እናት ወደ መሐል ሜዳ ሊሄዱ ወንበር ይይዛሉ። ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። ገጼ «ችግር ተፈጥሯል፣ እንደገና ይሞክሩ» አላቸው። እሳቸውም የታዘዙትን አደረጉ፤ ሁለቴ ደገሙት። በማግስቱ መናኸሪያ አገኙኝና «ልጄ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ሦስት ወንበር ላይ እንዴት ልቀመጥ ነው?» አሉኝ። የሦስት ወንበር ሂሳብ ተቆርጦባቸዋል።

ብሩ ተመለሰላቸው። እኔ ግን ማታ ኮዱን ስከፍት በአንድ ስም አፈርኩ። ቫሪያብሉ (ኮዱ ውስጥ መረጃ የሚይዘው ስም) «ስህተት» ይባላል፤ የሚይዘው እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነው። መልስ ካልመጣ እውነት ይሆናል። መልስ አልመጣም ማለት ግን አልተከፈለም ማለት ነው እንዴ? ጥያቄው ሰርቨር (ጥያቄውን ተቀብሎ የሚመልሰው ኮምፒዩተር) ደርሶ፣ ክፍያው አልቆ፣ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የእሳቸውም የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ስሙን ቀየርኩት። አሁን «የክፍያ_ሁኔታ» ይባላል፤ አምስት ነገር ይይዛል፦ አልተጀመረም፣ በሂደት ላይ፣ ተከፍሏል፣ አልተከፈለም፣ አልታወቀም። ዋናዋ የመጨረሻዋ ናት። «አልታወቀም» የሚባል ነገር እንዳለ ስሙ ሲነግራችሁ፣ ለእሱ ምን እንደምታደርጉ ማሰብ ግድ ይሆንባችኋል። እኔ ያደረግኩት ይህ ነው፦ ቅጹ ሲከፈት አንድ የጥያቄ ቁጥር ይወጣለታል። ተሳፋሪው አሥር ጊዜ ቢጫን የሚላከው ያው ቁጥር ነው። ሰርቨሩም ቁጥሩን ካወቀው ሁለተኛ አያስከፍልም፤ የመጀመሪያውን መልስ ይደግምለታል። ልብ በሉ፣ ቁጥሩን ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ካወጣችሁት ዋጋ የለውም። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ ሠርቼው ነበር፤ ሦስቱም ክፍያ እንደ አዲስ ነው የሚገባው።

መልእክቱንም ጣልኩት። አሁን እንዲህ ይላል፦ «መልስ አልደረሰንም። ብርዎ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል እንደገና አይክፈሉ። እኛው እያጣራን ነው፤ ገጹን አይዝጉት።» ገንዘብ ባለበት ቦታ ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ብሩ የት እንዳለ ነው። «ችግር ተፈጥሯል» ባንክ ቤት መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» እንደሚባለው ነው፤ ሰምተህ ትመለሳለህ እንጂ ምንም አታውቅም።

ወደ ኮዱ እንግባ። ብዙ ጀማሪ የሚሸወደው በፌች ነው፤ በጃቫስክሪፕት፣ ገጹ በተጻፈበት ቋንቋ፣ ለሰርቨር ጥያቄ የሚልከው ትእዛዝ ነው። ፌች ስህተት የሚወረውረው በዋናነት ጥያቄው ጨርሶ ሳይሳካ ሲቀር ነው፤ ለምሳሌ ኔትወርክ ሲቋረጥ። ሰርቨሩ እንደ 404 ወይም 500 ያለ የስህተት ቁጥር ቢመልስለት መልስ አገኘሁ ብሎ በሰላም ያልፋል፤ ካች፣ ማለትም ስህተት ሲመጣ የሚቀበለው የኮድ ክፍል፣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መልሱ ላይ ያለውን «ኦኬ» ራሳችሁ ማየት አለባችሁ፤ እውነት የሚሆነው የመልሱ ቁጥር ከ200 እስከ 299 ሲሆን ነው። ይህን የምታዩት ጄሰኑን (መልሱ የሚመጣበትን የመረጃ ቅርጽ) ከመተርጎማችሁ በፊት ይሁን። ሰርቨር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በጄሰን ፋንታ የኤችቲኤምኤል ገጽ ነው የሚልከው። ያን ጊዜ «ያልተጠበቀ ምልክት» የሚል ስህተት ይመጣና፣ ሰርቨሩ መሞቱን ሳታውቁ ግማሽ ቀን ጄሰን ስትመረምሩ ትውላላችሁ። እኔ ውያለሁ።

ሌላው አዌይት ነው፤ «መልሱ እስኪመጣ ጠብቅ» የሚል ቃል ነው። ትራይ (ካች የሚጠብቀው የኮድ ክፍል) ውስጥ ፌችን ያለ አዌይት ከጠራችሁት፣ በኋላ ሲወድቅ ካች አይሰማውም። ባዶ ካች ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ስህተቱን ካልቻላችሁት አትያዙት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጠራው ኮድ ይሂድ። ለመጠበቂያ ጊዜ እኔ በአቦርት ሲግናል (ጥያቄውን በሚያቋርጠው ምልክት) 10 ሴኮንድ እሰጣለሁ። ጊዜው ሲያልፍ የሚሄደው ወደ የትኛው ሁኔታ እንደሆነ መቼም አሁን ገብቷችኋል፤ «አልተከፈለም» አይደለም። ሪአክት የተባለውን የገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ኤረር ባውንደሪ የሚባለው ስህተት መያዣው ቁልፍ ሲጫን የሚፈጠርን ስህተት እንደማይዝ አትርሱ። እሱ ገጹ ስክሪን ላይ ሲሳል ለሚመጣ ስህተት ነው፤ ለክፍያው ራሳችሁ ያዙ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ቫሪያብሎች ግን የትኛው መልአክ እንዳወጣቸው እንጃ። የመነሻውን ሰዓት «ሰዓት» ብዬው ነበር። ጸሐፊዋ ጠዋት 2 ሰዓት ለሚነሳ መኪና «2:00» ብላ አስገባች። ኮምፒዩተሩ ይህን በፈረንጅ ሰዓት አነበበው። ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚላከው የማስታወሻ መልእክት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወጣ። በታኅሣሥ ውርጭ ብርድ ልብሱን ጥሎ የተነሳ ሰው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ዛሬ «መነሻ_ሰዓት_በአበሻ» እና «መነሻ_ሰዓት_በዩቲሲ» (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) የሚባሉ ሁለት ስሞች አሉኝ። ጠዋት 2 ሰዓት በዩቲሲ 05:00 ነው። ስሙ ረዘመ፤ ግን ማንም አይሳሳትበትም።

«ቀን»ም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይህ የሚወድቀው ድምፅ ሳያሰማ ነው። ዴት፣ ማለትም የጃቫስክሪፕት ቀን መያዣ፣ ወር የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ ስለዚህ 13ኛዋ ወር ቁጥሯ 12 ይሆናል። ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን ሳትቀይሩ በቁጥር ብታስገቡለት «እንዲህ ያለ ወር የለም» አይላችሁም። ዝም ብሎ ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ያደርገዋል፤ ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ካች የለ። በስሙ ላይ «ቀን_በኢትዮጵያ» የሚል ካለበት፣ ሳይቀየር ወደ ዴት ሲገባ ቢያንስ ዓይን ይቆረቁራል። «ላስት ኔም»ንም «የአባት_ስም» በሉት፤ የቤተሰብ ስም የለንም።

እግረ መንገዴን፦ ጃቫስክሪፕት የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። እኔ ለራሴ ሥራ እጠቀምበታለሁ። «ተከፍሏል» የሚል ስም «እውነት ወይስ ሐሰት?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል፤ አንድ ግሥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነውና። አደጋው ሞክሼ ፊደል ነው። «ሠዓት» እና «ሰዓት» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት። የሚጽፈው ሰው ከአንድ በላይ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ሲያልቅ ሞክሩት። ክሮም ብሮውዘር ላይ ኔትወርኩን «ኦፍላይን» ማድረግ ይቻላል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ንጹሕ መቋረጥ ነው። የእኛ አገር ኔትወርክ እየመጣ ይሄዳል። እኔ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሚኒባስ ላይ እሳፈርና ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ «ክፈል»ን እጫናለሁ። ዋሻው ውስጥ «አልታወቀም» ይላል። ስንወጣ ጉሙ መሀል ትንሽ ያስብና «ተከፍሏል» ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ባለፈው ደስ ብሎኝ ስልኩን ለረዳቱ አሳየሁት። «አውቃለሁ ወንድሜ፣ ቅድም ለእኔም ከፍለሃል» አለኝ።