ጉዳይዎን ወደ ክብር ቆንስል ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔ በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የለንም። ኤምባሲው በባቡር አምስት ሰዓት ይርቃል። ያሉን አንድ የክብር ቆንስል ናቸው፤ ቢሮአቸውም የራሳቸው ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ባንዲራ ስለተሰቀለ ብቻ ሁሉም ጉዳይ እዚያ የሚያልቅ ይመስለናል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ የክብር ቆንስልን ከኤምባሲ እኩል ማየት። የክብር ቆንስል ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት አገር ሰው ነው፤ የራሱ ንግድ ወይም ሙያ አለው፣ ከሾመው መንግሥት ደመወዝ አይቆረጥለትም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ቆንስሎች ምዕራፍ 3ን ለይቶ ሰጥቷል። በአንቀጽ 68 መሠረት መሾሙም ሆነ መቀበሉ ለየአገሩ ፈቃድ የተተወ ነው። ሥራቸውም የሾማቸው መንግሥት በፈቀደላቸው ልክ ነው። አንዱ ሰነድ ያረጋግጣል፤ ሌላው ንግድና ቱሪዝም ከማስተዋወቅ አያልፍም። ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ከመሄድዎ በፊት ደውለው "ይህን ጉዳይ እርስዎ ይሠሩታል?" ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ውክልና ላይ የሚሠራ ስህተት ነው፤ እኔም ዋጋውን ከፍያለሁ። የአባቴን ቤት ወንድሜ እንዲሸጥልኝ ብዬ አንድ ጓደኛዬ ከላከልኝ ናሙና "ጠቅላላ ውክልና" ገለበጥኩ። ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈረምኩና በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። ቆንስሉ ወረቀቱን አገላብጠው መለሱልኝ፤ ፊርማው እፊታቸው መፈረም ነበረበት። ያንን አስተካክዬ ወረቀቱን ወደ አገር ቤት ስልከው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ችግር መጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ የእኔ ወረቀት ላይ "ያስተዳድርልኝ" እንጂ "ይሽጥልኝ" የሚል ቃል አልነበረም። ወንድሜ ሦስት ቀን ተሰልፎ ባዶ እጁን ተመለሰ። የሚሰጡትን ሥልጣን አንድ በአንድ ይጻፉ፤ የተወካዩንም ስም እስከ አያት፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ያስገቡ። ከውጭ የመጣ ውክልና አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይገባልና፣ የክብር ቆንስሉ ማኅተም እዚያ ይታወቅ እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ነው። ካልታወቀ ኤምባሲ መሄዱ አይቀርም።

ሦስተኛው፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይለውጡ ሰነድ ማቅረብ። ቆንስሉ አማርኛ ላያነቡ ይችላሉ፤ የጸሐፊዋን ነገርማ ተዉት። የልደት ወረቀት ላይ "መስከረም 3 ቀን 1978" ያየ ፈረንጅ እንዳለ 1978 ብሎ ይገለብጠዋል። ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 13 ቀን 1985 ነው፤ ባለጉዳዩ በአንድ ፎርም ሰባት ዓመት አረጀ ማለት ነው! ከፓስፖርቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ጣጣው ብዙ ነው። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጽፈው "እ.ኤ.አ." እና "ዓ.ም." የሚለውን ይለዩ።

ክፍያ ላይ አጭር ነገር፦ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ። ቆንስሉ የራሳቸው ንግድ ስላላቸው የአገልግሎት ክፍያና የድርጅታቸው ሒሳብ እንዳይደባለቅ ለእሳቸውም ለእርስዎም ይበጃል።

የመጨረሻው ስህተት ከበድ ያለ ነው፦ ሲታሰሩ ዝም ማለት፣ ወይም ቆንስሉ ያስፈታኛል ብሎ መጠበቅ። ቆንስል ዳኛ አይደለም። ሊጠይቅዎ ይመጣል፣ ጠበቃ እንዲያገኙ ይረዳል፣ ለቤተሰብ ይነግራል። በቪየናው ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ፖሊስ የታሰረን የውጭ ዜጋ፣ ቆንስሉ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት እንዳለው ሳይዘገይ ሊነግረው ይገባል፤ ይህ አንቀጽ ለክብር ቆንስሎችም ይሠራል። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ካርልና ዋልተር ላግራንድ አሪዞና ውስጥ ሲታሰሩ መብታቸው በወቅቱ ሳይነገራቸው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በሞት ተቀጡ። ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ስምምነቱን ጥሳለች ሲል ፈረደ። ቢሆንም ለቆንስል የሚደወለው እርስዎ ሲጠይቁ ነውና፣ "ቆንስሌ ይነገረው" ማለትን አይርሱ። ከአገሩ መንግሥት ሸሽቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ግን ይህን ከማለቱ በፊት ጠበቃውን ያማክር፤ ቆንስሉ የዚያው መንግሥት ተወካይ ናቸው።