ዱባይ ውስጥ ርካሽ የሕንድ ምግብ ቤት እንዴት ይገኛል? ለወሎ መንገደኞች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ዕቃ ሊያመጡ ዱባይ የሚሄዱ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው ነው የሚጓዙት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ቢያድሩ ለወሎ ሰው ወሬ አይሆንም። የሚለያዩት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አገር ቤት ድግስ ሲሆን ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ሥጋ ቤቱም የየራሱ አለው። ዱባይ ላይ ግን ምግብ ቤት የሚቀርበው ሥጋ በሙስሊም ሥርዓት የታረደ ነው፤ የአሳማ ሥጋ ካለ ሙስሊም ላልሆኑ ተብሎ ተለይቶ ይጻፍበታል። ሙስሊሙ የትም ገብቶ ይበላል። ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ የማይበላ ከሆነ ወይም ጾም ከያዘ ግን ወይ ዳቦና ሻይ ላይ ይወድቃል፣ ወይ በየቀኑ ዴራ በሚባለው የገበያ ሰፈር ያሉትን የሐበሻ ቤቶች ፍለጋ ይዞራል።

ሁለቱን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥ፣ ኪስም የማይጎዳ መፍትሔ ሥጋ የማይገባበት የሕንድ ምግብ ቤት ነው። ዱባይ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ የት እንደሚፈለግና ምን እንደሚታዘዝ ማወቅ ብቻ ነው።

1. ከባሕሩ ዳርቻ ራቁ

ዱባይ ማሪና፣ ጁሜይራና የሆቴሎቹ አካባቢ ለሽርሽር ነው። እዚያም የሕንድ ምግብ ቤት አለ፤ የምትከፍሉት ግን ለምግቡ ብቻ ሳይሆን ለወንበሩና ለባሕሩ እይታ ጭምር ነው። ሆቴል ውስጥ ከሆነ ደግሞ የአገልግሎትና የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ሊደመር ይችላል። ሄዳችሁ ዋኙ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ለምሳ ግን ተመለሱ።

በኤምሬትስ ካሉት የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጡት ሕንዶች ናቸው። ርካሹ ምግብ የሚበስለው ለእነሱ ሠራተኞች፣ ለሱቅ ተቀጣሪዎችና ለቢሮ ጸሐፊዎች ስለሆነ እነሱ የሚኖሩበትን ሰፈር መፈለግ ነው። ሦስቱን ብቻ ያዙ፦ ካራማ፣ ቡር ዱባይ (በተለይ ሚና ባዛር የሚባለው) እና ዴራ።

ዴራ ያረፈ ነጋዴ ብዙ አይቸገርም። ከገበያው ወደ ክሪኩ (ከተማውን ለሁለት ወደሚከፍለው የባሕር ወሽመጥ) ወርዶ አብራ በምትባለው የእንጨት ጀልባ በ1 ድርሃም ይሻገራል፤ በጨርቃ ጨርቅ ገበያው በኩል አልፎ ጥቂት ሲሄድ ሚና ባዛር ይደርሳል። ወደ ካራማ ከሆነ ሜትሮ ይሻላል። ከአየር ማረፊያው ተርሚናል 1 እና 3 የሚነሳው ቀዩ መስመር ቡርጁማን ጣቢያ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ካራማ በእግር ነው። ለባሕር ቀን የሚመቸው ደግሞ ሳትዋ ነው፤ ከጁሜይራ ጋር የሚዋሰን አሮጌ ሰፈር ሲሆን ርካሽ የሕንድና የፓኪስታን ምግብ ቤቶች አሉት።

2. ቤቱን ከታፔላው ለዩት

የሕንድ ምግብ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። ከመግባታችሁ በፊት ታፔላውን አንብቡ።

“ፒዩር ቬጅ” የሚል ካለበት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ወጥ ቤቱ ውስጥ አይገቡም። ለተቀላቀለ ቡድን የምመክረው ይህን ነው። ከእነዚህ የደቡብ ሕንዶቹ ርካሾቹም ፈጣኖቹም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ ሕንዷ ከተማ ቼናይ የተጀመረው ሳራቫና ባቫን በዚህ የታወቀ ነው፤ ካራማ ላይም ቅርንጫፍ አለው። ስሙ ያልገነነ ጎረቤቱ ግን ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀንሳል፤ ጣዕሙም ቢሆን ወደኋላ አይልም።

“ቬጅ ኤንድ ኖን ቬጅ” የሚል ከሆነ ሁለቱም ይሠራል። አትክልቱና ሥጋው በአንድ ምጣድ ሊጠበስ ስለሚችል ለጠንቃቃ ጿሚ አይሆንም።

የኬረላ (የደቡብ ሕንድ ክልል ነው) ቤቶች ለሙስሊሙ ናቸው፦ ዓሣ፣ የበሬ ሥጋ፣ ብሪያኒ (ሩዝ ከሥጋ ጋር በቅመም የሚበስል)፣ በንጣፍ በንጣፍ የሚላጥ ፖሮታ የሚባል ቂጣ። እዚያው ኬረላ፣ ኮዢኮድ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1939 የተጀመረው ካሊከት ፓራጎን ካራማ ውስጥ ቅርንጫፍ አለው፤ ሰልፍ ግን ይጠብቃችኋል። በየጥጉ ያለችው “ካፌቴሪያ” የምትባል ጠባብ ቤት ደግሞ ለቁርስ ናት። በሄል የፈላው የወተት ሻይ፣ ካራክ፣ እዚያ የሳንቲም ያህል ነው።

የሰሜን ሕንድ ቤቶች ናን የሚባለውን ቂጣና ቅቤ የበዛበት ወጥ ያዘወትራሉ። ይጣፍጣሉ፣ ግን ከደቡቦቹ ይወደዳሉ፤ በጾም ቀን ደግሞ ከሁሉም አስቸጋሪዎቹ እነሱ ናቸው።

3. ሜኑውን ከበር ላይ እዩት

ጎግል ማፕ ላይ ፒዩር ቬጅ ብላችሁ ፈልጉ፤ ኮከቡን ትታችሁ ሰዎች ያነሷቸውን የሜኑ ፎቶዎች ተመልከቱ፣ ፎቶው የተነሳበትን ጊዜም ጭምር። ርካሽ ቤት ዋጋውን አይደብቅም፤ ግድግዳ ላይ ወይም በር ላይ ይለጥፋል። ካራማ ውስጥ ዶሳ (እንደ እንጀራ ቦክቶ በስሱ የሚጋገር ቂጣ) ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ድርሃም፣ ሙሉ የምሳ ትሪ 20ዎቹ ውስጥ ነው። ዶሳ ከዚህ እጥፍ ከሆነባችሁ የገባችሁት ቱሪስት ቤት ነው፣ ውጡ። ሒሳቡን በዶላር ማሰብ ይቀላል፤ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር ስለታሰረ 1 ዶላር ምንጊዜም 3.67 ድርሃም ገደማ ነው።

አንድ ሌላ ምልክት፦ ከሰዓት በፊት ሥራ ላይ የዋሉ፣ ደረታቸው ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠሉ ሕንዶች ተደርድረው የሚበሉበት ቤት አይወደድም።

4. ሰዓቱን ጠብቁ

“ታሊ” ወይም “ሚልስ” የሚባለው የምሳ ትሪ ከሁሉ አትራፊው ነው። ሩዝ፣ ቂጣ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አትክልት፣ የምስር ወይም የሌላ ጥራጥሬ ወጥ፣ እርጎና ጣፋጭ በትናንሽ ጎድጓዳ ሳህን ተደርድሮ ይመጣል፤ ብዙ ቤት ሩዙንና ወጡን ሳትጠይቁ ይጨምርላችኋል። ግን የሚቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

ጾመው እስከ ዘጠኝ የሚቆዩ ሰዎች ችግር እዚህ ላይ ነው። እነሱ ሊበሉ ሲመጡ ትሪው አልቋል። ያኔ ዶሳ፣ ኢድሊ (በእንፋሎት የሚበስል የሩዝና የጥራጥሬ ቂጣ) ወይም ቫዳ (በዘይት የሚጠበስ የጥራጥሬ ሊጥ) እዘዙ፤ ብዙዎቹ የደቡብ ቤቶች እነዚህን እስከ ማታ ይሠራሉ። የዱባይ ሰዓት ከኛ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድምም አትርሱ። የየትኛውን አገር ዘጠኝ ሰዓት እንደምትከተሉ ግን ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፣ እኔ አልገባበትም።

5. ለጾም ስታዝዙ ቅቤውን አስወጡ

ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ እዚህ ነው። ሕንዶች ሥጋ የለበትም ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ንጥር ቅቤ ግን በእነሱ ዘንድ የተከለከሉ አይደሉም። ንጥር ቅቤውን ጊ ይሉታል፤ በቂጣው ላይ ይቀባል፣ በምስሩ ላይ ቅመም ተቁላልቶበት ይፈሳል።

የሚከተሉትን በጾም ቀን ተዉአቸው፦ ፓኒር ያለበትን ሁሉ (አይብ ነው)፣ ዳል ማክኒ (የጥራጥሬ ወጥ ነው፣ ቅቤና ክሬም አለበት)፣ ራይታ (እርጎ ነው)፣ ናን (ሊጡ ብዙ ጊዜ በወተት ወይም በእርጎ ይታሻል)፣ ጣፋጮቹን በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ካራክንም።

የሚያስተማምነው ዶሳ ነው። ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ ቦክቶ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል፤ በዘይት ይሁን ብላችሁ ብቻ ንገሯቸው። አብሮ የሚመጣው ሳምባር በሮቃ የኮመጠጠ የክክና የአትክልት ወጥ ነው። የኮኮናት ማባያው ውስጥ አንዳንድ ቤት እርጎ ስለሚጨምር ጠይቁ። በእንፋሎት የሚበስለው ኢድሊ፣ የሽምብራ ወጡ ቻና ማሳላ እና በዘይት የሚጠበሰው ቂጣ ፑሪም ይሆናሉ። ሽታው አይገርማችሁ፦ እርድ፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ድምብላል፣ ዝንጅብል፣ ሁሉም ከጓዳችሁ የምታውቋቸው ናቸው። የሚጎድለው እንደኛ የተቀመመው በርበሬ ነው።

ለአስተናጋጁ አጭር ቃል ይበቃል፦ “ኖ ጊ፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ከርድ” (ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ አይግባበት ማለት ነው)። ሂንዲ ለሚናገር “ቢና ጊ” (ያለ ቅቤ) በሉት። ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ዘመድ ካላችሁ እሱ ይናገር፤ ብዙ አስተናጋጆች ዓረብኛ ይሞክራሉ፣ “ቢዱን ሰምን፣ ቢዱን ሐሊብ” (ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት) ይገባቸዋል። ትሪ ከሆነ እርጎውን ለሙስሊሙ ጓደኛችሁ አሳልፉ።

6. ሒሳብ

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የታሸገ ውኃ የሚከፈልበት ሊሆን ስለሚችል ካልፈለጋችሁት አትክፈቱት። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ዝርዝር ሳንቲም መተው ግን የተለመደ ነው። በእጅ መብላት አያሳፍርም፣ መታጠቢያውም አዳራሹ ውስጥ ነው።

ለማታ ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ “ፓርሰል” በሉ፤ ሩዙንና ወጡን ለየብቻ አሽገው ይሰጧችኋል። ዶሳ ግን ሆቴል እስክትደርሱ ይልፈሰፈሳል፣ እሱን እዚያው ብሉት።