የፊደል ብዛቱ የታወቀ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይፈለጋል? ከጭራው ጀምሩ

አምስት ፊደል ያለው፣ ውስጡ ሲ፣ ኤች እና ኤ ያሉበት ቃል ፈልጉ ብትባሉ ከየት ትነሳላችሁ? ጆሽ ዋርድል የሠራው፣ የተደበቀ ባለ አምስት ፊደል ቃል የሚገመትበት የኢንተርኔት ጨዋታ ዎርድል እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው በየቀኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገጥመዋል። አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ፊደል ይነሳል። በኤ የሚጀምር፣ በቢ የሚጀምር፣ በሲ የሚጀምር እያለ ይሄዳል። ይህ ያደክማል እንጂ አያዋጣም። የእንግሊዝኛ ቃል አጀማመሩ ብዙ ዓይነት ነው፤ አጨራረሱ ግን በአብዛኛው ይገመታል። ስለዚህ እኔ ሁሌም ከጭራው ነው የምጀምረው።

ከዚያ በፊት ግን ጥያቄውን በደንብ ለዩት። «ይህ ፊደል ያለበት» ሲባል የትም ቦታ ይሁን ማለት ነው? ወይስ ቦታው ታውቋል? ወይስ እንደ ስክራብል ባለ የቃላት ጨዋታ በእጃችሁ ካሉት ፊደላት ውጪ አይቻልም? ሦስቱ አፈላለጋቸው ይለያያል። ዎርድል ቃል ስታስገቡ ፊደሎቹን ቀለም ይቀባል። አረንጓዴ ማለት ፊደሉም ቦታውም ልክ ነው፣ ግራጫ ማለት ፊደሉ መልሱ ውስጥ የለም። ቢጫ ግን ሁለት ነገር ይናገራል፤ ፊደሉ አለ፣ እዚህ ቦታ ላይ ግን የለም። ሰው ሁለተኛውን ቶሎ ይረሳና ያንኑ ፊደል እዚያው ቦታ ይመልሰዋል። አንድ ሙከራ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ወረቀት ላይ አምስት ሰረዝ አስምሩ። የምታውቁትን በቦታው ጻፉ፣ የቀረውን ከጎን።

አሁን ወደ ጭራው። መጀመሪያ የሚጣመሩ ፊደላትን ፈልጉ። ሲ እና ኤች በአንድ ቃል ውስጥ ካሉ ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ቦታ የምትፈልጉት ለሦስት ነገር ሳይሆን ለሁለት ነው፤ ለጥንዱና ለኤ። ጥንዱን መጨረሻ ላይ አድርጉትና ከእሱ በፊት ምን ሊመጣ እንደሚችል ጠይቁ። ኤ ከመጣ፣ ከኤ በፊት ኢ ወይም ኦ ይሆናል፤ ቲች፣ ሪች፣ ኮች ወጡላችሁ። ቲ ከመጣ ካች፣ ማች፣ ዎች፣ ፓች። አር ከመጣ ማርች፣ ኤን ከመጣ ራንች። በጥቂት ጥያቄ ስንት ቃል እንደተገኘ ተመልከቱ። ከዚያ ጥንዱን ወደ መነሻው ውሰዱት። ቼር፣ ቼን፣ ቻርት፣ ቻርም፣ ቼስ (ማሳደድ) ይመጣሉ። መሃል ላይ የሚገባባቸው ጥቂት ናቸው፤ ያት የምትባለው የመዝናኛ ጀልባ አንዷ ናት።

ኤስ እና ኤች፣ ቲ እና ኤችም እንዲሁ ናቸው፤ መነሻም መድረሻም ይሆናሉ። ሲ እና ኬ ወይም ኤን እና ጂ ተጣምረው ግን የተለመደ ቃል አይጀምሩም። እነዚህን ካያችሁ መነሻውን እርሱትና ወደ መሃልና ወደ ጭራ ሂዱ። ኪው ካለ ከኋላው ዩ አለ ብላችሁ ጀምሩ፤ ኩዊን፣ ኩዊክ፣ ስኳድ። ቪ ካለ ደግሞ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት። የቪ ድምፅ መጨረሻ ላይ ቢሰማም ስትጽፉት ኢ ይከተለዋል፤ ጊቭ፣ ላቭ፣ ሶልቭ ሁሉም በኢ ነው የሚያልቁት። አናባቢዎቹ ሁሉ ከወደቁ ዋይን ሞክሩ። ክሪፕት የሚለው ቃል ከዋይ ሌላ አናባቢ የለውም።

ጭራው ተገኝቶ መነሻው ብቻ ሲጎድል ነው ጉድ የሚፈላው። አይ፣ ጂ፣ ኤች እና ቲ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቦታ አረንጓዴ ሆኑ እንበል። ደስ ይላል፣ ግን ወጥመድ ነው። ናይት፣ ላይት፣ ራይት፣ ፋይት፣ ማይት፣ ሳይት፣ ታይት፣ ኤይት፤ የተለመዱት ብቻ ስምንት ናቸው። በዎርድል ያለው ሙከራ በጠቅላላው ስድስት ነው። አንድ በአንድ መሞከር ዕጣ እንደ ማውጣት ነው።

እዚህ ጋ መልስ እንደማይሆን የምታውቁትን ቃል ጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ አረንጓዴውን መልቀቅ ያሳሳዋል። ልቀቁት። ለምሳሌ ፊልምስ የሚለውን አስገቡ፤ ኤፍ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤስ። ኤፍ ከበራ መልሱ ፋይት ነው። ኤል ከበራ ላይት፣ ኤም ከበራ ማይት፣ ኤስ ከበራ ሳይት። አራቱም ግራጫ ከሆኑ ናይት፣ ራይት፣ ታይትና ኤይት ቀሩ። አሁን ኢነርት ጻፉ፤ አይ፣ ኤን፣ ኢ፣ አር፣ ቲ። ኤን ከበራ ናይት፣ አር ከበራ ራይት፣ ኢ ከበራ ኤይት፣ ሦስቱም ካልበሩ ታይት። ቢበዛ በሦስተኛው ሙከራ መልሱ በእጃችሁ ነው። የተገኘውን ፊደል በቀጣዩ ሙከራ እንድትጠቀሙበት የሚያስገድደውን ሃርድ ሞድ ካበራችሁ ግን ይህ አይፈቀድም፤ እኔ እንደዚህ ላለው ቀን ብዬ አላበራውም።

የተደገመ ፊደልም ያምታታል። ሁለት ኢ ያለበት ቃል አስገብታችሁ አንዱ ቀለም አግኝቶ ሌላው ግራጫ ከሆነ፣ መልሱ ውስጥ አንድ ኢ ብቻ አለ ማለት ነው። ኢ የለም ማለት አይደለም።

ስለ መሣሪያዎች ልንገራችሁ። ፊደል ሲሰጧቸው ቃል የሚደረድሩ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ይሠራሉ፣ ግን ማንም የማይጠቀምባቸውን ቃላት ከተለመዱት ጋር ቀላቅለው ያወርዱላችኋል። እኔ የቃላት ዝርዝር ኤክሴል ላይ አስቀምጦ ማጣራትን እመርጣለሁ። ማጣሪያው ውስጥ አንድ የጥያቄ ምልክት አንድ ፊደልን ይተካል። አራት የጥያቄ ምልክት ደርድራችሁ መጨረሻው ላይ ዋይ ብትጨምሩ በዋይ የሚያልቁ ባለ አምስት ፊደል ቃላት ብቻ ይቀራሉ። ዋናው ዝርዝሩ ነው። ማክ ኮምፒውተር ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የቃላት ፋይል ከ1934ቱ የዌብስተር መዝገበ ቃላት የተወሰደ ነው። ብዙ ያረጁ ቃላት አሉበት፣ የብዙ ቁጥር ቅርጾች ደግሞ በአብዛኛው የሉበትም። ለጨዋታ ከሆነ የጨዋታውን የራሱን ዝርዝር ፈልጉ።

ሁሉንም ሞክራችሁ ቃሉ እምቢ ካለ አጻጻፉን ተጠራጠሩ። ከለር በብሪታንያ አጻጻፍ ስድስት ፊደል፣ በአሜሪካ አጻጻፍ አምስት ፊደል ነው። ሂዩመርና ሌበርም እንዲሁ። ዎርድል የሚሄደው በአሜሪካው ነው። ስለዚህ የብሪታንያውን የለመዳችሁ ሰዎች ረዘመ ብላችሁ የጣላችሁትን ቃል ከአር በፊት ያለውን ዩ ቀንሳችሁ ቁጠሩት። ፋይበር ላይ ግን ርዝመቱ ያው አምስት ነው፤ የሚለወጠው የመጨረሻዎቹ የኢ እና የአር ቅደም ተከተል ነው።