ጣሪያ ላይ ያለው የኮስሚክ ጨረር ቆጣሪ ሲያስቸግር

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ከላያችን ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው። ከጠፈር የመጣ ፕሮቶን ከአየር ጋር ተጋጭቶ የሚያወርደው የቅንጣት ዶፍ እዚህ ቆላ ካለው በርትቶ ይደርሳል። ሲንቲሌተር (ቅንጣት ሲያልፍበት ብርሃን የሚረጭ ፓነል) ዘርግታችሁ ቁጥሩ አልጥም ካላችሁ እንዲህ ፈትሹ።

ቀን ይበዛል፣ ማታ ይረግባል

ብርሃን እየገባ ነው። ሙኦን፣ ማለትም ከዶፉ እኛ ጋ የሚደርሰው ቅንጣት፣ ቀንና ሌሊት እንዲህ አይለይም። ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪ በፓነሉ ጠርዝ ላይ ቀስ እያላችሁ አሳልፉ፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ከሁሉ በፊት ገመዱ የሚወጣበትን ጥግ እዩ። ጥቁር ፕላስተር ደርቡበት።

ፀሐይ ሲበረታ ይቀንሳል

የሲሊከን ብርሃን መቀበያ ሲሞቅ የሚልከው የኤሌክትሪክ ምት ይደክማል፣ ለመቆጠር ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን በታች ይቀራል። ከቆርቆሮው አርቁት፣ ጥላ አብጁለት፣ ሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገቡ። የአየር ግፊትም መዝግቡ፤ ግፊት ሲጨምር ቁጥሩ ይቀንሳል።

ተደራርበው ይቆጥራሉ፣ ሲራራቁ ዝም ይላሉ

እዚህ የሚቆጠረው ሁለት ፓነሎች አብረው ሲመቱ ብቻ ነው። ፓነሎቹ ሲደራረቡ አንዱ ሙኦን ሁለቱንም ይወጋል። ሲራራቁ ግን ከአንድ ዶፍ የወጡ የተለያዩ ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ ሊያርፉባቸው ይገባል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ኦዤ በ1938 እ.ኤ.አ. ዶፉ እስከ 300 ሜትር እንደሚሰፋ ያሳየው በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በእጅጉ መውረዱ ያለ ነው። ጭራሽ ዜሮ ከሆነ ግን ገመዱን ጠርጥሩ። በኮአክሲያል ገመድ ምቱ በሜትር 5 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አንዱ 4 ሜትር፣ ሌላው 40 ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 180 ናኖ ሰከንድ ነው። መጠበቂያ ጊዜው (ሁለት ምቶች አብረው መጡ ለመባል የሚፈቀደው ልዩነት) 100 ናኖ ሰከንድ ከሆነ ምቶቹ አይገናኙም። ገመዶቹን ሳትቀይሩ ፓነሎቹን መልሳችሁ ደራርቡ፤ ያኔም ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ሁለቱንም እኩል ቁረጡ።

ተራርቀውም ቁጥሩ በዛ

ይሄኛው አደገኛ ነው፤ ግኝት ስለሚመስል። እያንዳንዱ ፓነል በሰከንድ 100 ምት ቢኖረውና መጠበቂያው 1 ማይክሮ ሰከንድ ቢሆን፣ በአጋጣሚ ብቻ በደቂቃ 1.2 ያህል ግጥጥሞሽ ይመዘገባል። ወደ 100 ናኖ ሰከንድ ስታጠቡት በሰዓት ወደ 7 ይወርዳል። የአንዱን ፓነል ምት ሆን ብላችሁ አዘግዩት፤ ያኔም የሚቆጠረው የአጋጣሚው ድርሻ ነውና ቀንሱት። እኔ ግን ሦስተኛ ፓነል ካልተጨመረ ዶፍ ነው ብዬ አልመዘግብም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ፓነል አብሮ ከመታ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። በባትሪ አሠሩት፣ የእነዚያን ደቂቃዎች መረጃም አውጡ።